ስሙ የተዘለለው ዛፍ

ኩዋሞ መንደር፣ ሞሮቤ ጠረፍ
ፓፑዋ ኒው ጊኒ
ማርች 6፣ 1978

ለባሌ ታናሽ ወንድም ለጊዲሳ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ሚስትህ ዶሪንስ ደህና ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምህን ናዋሲን ወገቡን አሞታል፤ የሚያመው የጎደሬው ማሳ ሥራ ሲደርስ ብቻ ስለሆነ አታስብ።

ደብዳቤህ በማክሰኞዋ ጀልባ ደረሰኝ። «ታቢታ ደስ አላት ወይ?» ብለህ ፓስተሩን በጎን ጠይቀኸው ኖሯል። እኔን ጠይቀኝ እንጂ። ደስ አላለኝም። አቅለሸለሸኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ ለዛፉ ላወጣለት ነው ብለህ የአባትህን ስም ሙሉውን ጽፈህ ላክህልኝ፤ ያውም በቀይ ቀለም፣ ከሥሩ አስምረህ። አንተ ልጁ ነህ፤ ካሻህ ጣራ ላይ ወጥተህ ጥራው። እኔ ግን የቤቱ ምራት ነኝ፤ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ ስም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ዓይን ያነበበው አፍ እንዳለው ይቆጠራል? የፓስተሩን ሚስት ጠየቅኋት፤ እሷም አታውቅም። ለማንኛውም ብዬ ስሙ ያለበትን ቦታ በምላጭ ቆርጬ ለናዋሲ ሰጠሁት። ትንባሆውን ጠቀለለበት።

ቀጥሎ ዛፉን አስበው። አንተ የምታውቀው እኔ በጋዜጣ መሃል አድርቄ ለምርምርህ ከምልክልህ ቅጠልና አበባ ነው። የደረቀ ነገር ሁሉ ጨዋ ነው። እኔ ግን በቁሙ አውቀዋለሁ። በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ተደብቆ፣ ከሁለት ሰው ቁመት ሳያልፍ የሚያረጅ ቀጫጫ ነው። አበባውን እንደ ደህና ዛፍ ከቅርንጫፉ ጫፍ አያወጣም፤ ግንዱን ሰንጥቆ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ያወጣዋል። ቀለሙ የሰነበተ ጉበት ነው፣ ላዩ ጸጉር፤ ሲነኩት ደግሞ ይሞቃል። አመሻሹ ላይ ሦስት ቀን የቆየ የአይጥ ሬሳ መክረፍ ይጀምራል። ዝንቡ እውነተኛ ሥጋ መስሎት ዕንቁላሉን ይጥልበታል፤ ትሉ ተፈልፍሎ የሚበላው ያጣና እዚያው በረሃብ ያልቃል። ማታለል ሥራው የሆነ ዛፍ! የአባትህን ስም ልታንጠለጥል ያገኘኸው እሱ ላይ ነው። ኤጭ!

ትኩሱ አበባ ለምን ዘገየ ላልከኝ፣ ልኬልህ ነበር። አልኮሉ መንገድ ላይ ፈሰሰና አበባው ሣጥኑ ውስጥ በሰበሰ። ካፒቴኑ «ሬሳ ነው እንዴ የጫነችብኝ?» ብሎ ከነሣጥኑ ባሕር ወረወረው። አልፈረድኩበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የአጎትህን ጀልባ ረሳኸው? አባትህን ለማክበር ብሎ በስሙ ሰየመው። በእኛ ልማድ ስሙን የተሸከመ ነገር እሱ ራሱ ነው፤ ሰባታችንም የቤቱ ምራቶች እግራችንን ልናነሳበት አልቻልንም። ጀልባው ዓለት ላይ ወጥቶ እስኪሰበር ድረስ አራት ዓመት ገበያ በእግራችን ሄድን። ሲሰበር ማን እንደሳቀ አልነግርህም።

ዛፉም እንደዚያው ነው። ስሙ ወረቀት ላይ የታተመ ቀን መንካቱ፣ ሥሩን መሻገሩ፣ ፍሬውን መልቀሙ ለእኛ ነውር ይሆናል። ጎደሬው ሳይደርስ የሚመጡትን ሁለቱን የረሃብ ወራት ልጆቻችንን የምናሻግረው በዚያ ፍሬ ነው። ታውቃለህ፤ አንተም በልተህ አድገሃል። ፓስተሩ ደብዳቤህን ከስብከት በኋላ ሲያነበው ወንዶቹ አጨበጨቡ። «ወረቀቱ ሲመጣ እናከብረዋለን» ብለዋል። እኛ ሴቶቹ እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ተቀመጥን።

እንግዲህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ታትሟል ወይስ አልታተመም? ካልታተመ የአባትህን ስም አውጣልን።

ታቢታ


ላኤ
ኤፕሪል 2፣ 1978

ለተከበርሽው ለእትዬ ታቢታ፣

ይህ ደብዳቤ ባለሽበት በደህና ያግኝሽ። ለናዋሲ ወገብ መቀቢያ ልኬያለሁ። ስሙን ጽፌ በመላኬ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከተማ ውስጥ ሁሉም ሰው የሁሉንም ሰው ስም ይጠራል፤ እጄ ለመደና ቀደመኝ።

ለምን እንደዚህ እንዳደረግሁ ልንገርሽ። አምና አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አየት አደረገኝና «ያን ሁሉ ዓመት ተማርክ። አሁን ቁጭ ብለህ ሣር ታደርቃለህ። ምን አተረፍክ?» አለኝ። ከዚያ ሳላስበው «ስምህን ዓለም እንዲያነበው አደርጋለሁ» አልኩት። እጄን ያዘኝ። እትዬ፣ አባቴ እጄን ይዞኝ አያውቅም ነበር። በማግስቱ ሞተ።

ይህ በእኔ እጅ ተጽፎ የሚወጣ የመጀመሪያው ዛፍ ነው። ሁለተኛ ይኑር አይኑር አላውቅም። ስለ ሽታው ያልሽው ይገባኛል፤ በሳይንስ ዓይን ግን ግማት ነውር አይደለም። አበባው ዝንብና ጥንዚዛ ይፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ ሽቶ አይወዱም። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምሳዬን እበላለሁ። ዶሪን ግን እንዲህ ስላት ሳህኗን ይዛ ትነሳለች።

አሁን የማስቸግርሽ ነገር አለ። እስካሁን የላክሽልኝ አበቦች ሁሉ ወንዴ ናቸው። ሴቴዋ ሌላ ዛፍ ላይ ለብቻዋ መኖር አለባት። የት ነው የምትበቅለው? ፍሬዋ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ሲቀርብ እንጂ ዛፉ ላይ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ እኛ ወንዶች ያንን ሥራ አናይም። መጠኗ ስንት ነው? ስንት ዘር አላት? አንድ ፍሬ፣ አንድ ብቻ ላኪልኝ።

ስለ ኅትመቱ ጠይቀሽኝ ነበር። በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ፤ ጀልባው ሊነሳ ነው።

ጊዲሳ


ኩዋሞ
ኤፕሪል 23፣ 1978

ለጊዲሳ፣

ደህና ነኝ። መቀቢያው ደርሷል፤ ናዋሲ ጉልበቱንም ቀባው፣ አሁን ጉልበቱንም ያመዋል።

«ጀልባው ሊነሳ ነው» ብለህ ጻፍክልኝ። ደብዳቤህን ከተቀበለ በኋላ ሁለት ቀን ወደቡ ላይ ቆሞ ሲሚንቶ ሲጭን እንደነበር ካፒቴኑ ነግሮኛል። ልትዋሽ ከፈለግህ የጀልባ ሰዓት አታንሳ። እኛ እዚህ ከጀልባ ሌላ የምናየው የለንም።

ስለ አባትህ እጅ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አለቀስኩ፤ ግን ለአንተ ነው ያለቀስኩት፣ ለእሱ አይደለም።

«ዛፉን መጀመሪያ ያሳየን አባቴ ነው» ብለህ መጻፍህን ሰምቻለሁ። ዶሪን የላከችልኝ ጨው ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ነበረችበት። እንዳትቆጣት። ይህንን ሳነብ ምራቄን ተፋሁ። አባትህ ያ ዛፍ አጠገብ ደርሶ ያውቃል? ከጫካ ስመለስ ገና ከወንዙ ማዶ ሳለሁ አይደል እንዴ አፍንጫውን ይዞ «ግማቷ መጣች! እሳቱን ሸሽጉ!» የሚለው? ስሜ ታቢታ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ በዚያ ቤት ግን ስሜ ግማት ነበር። ናዋሲን በሰው ፊት «ይቺን ስታገባ ጉንፋን ይዞህ ነበር?» ይለው ነበር፣ ሰዉም ይስቃል። ወንዝ ወርጄ በአሸዋ ታጥቤ ብመጣም እራቴን ቤቱ ሥር፣ ምሰሶዎቹ መሃል ነበር የምበላው፤ ዝናብ ቢሆን ዝናብ፣ አሳማዎቹ ቢኖሩ ከአሳማዎቹ ጋር። የለቀምኩትን ፍሬ ግን ይበላ ነበር። ሁለቴ ያስደግም ነበር። ሲጠግብም አያመሰግንም፤ ያገሳል።

ይህ ሰው ነው ዛፉን ያሳየህ? አንተ የትምህርት ቤት ልጅ ሆነህ ለዕረፍት ስትመጣ «እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» እያልክ ኋላ ኋላዬ የሄድከው ማንን ተከትለህ ነበር?

ወንዶቹ ወረቀቱን እንኳ ሳይጠብቁ ግንዶቹ ላይ «አይነካም» የሚለውን ምልክት፣ የኮኮናት ቅጠል፣ እየቋጠሩ ነው። እስኪታተም ማስታወቂያ ነው፤ ከታተመ ሕግ ይሆናል። ያን ጊዜ ለልጆቻችን የሚለቅምላቸው ማን ነው? ናዋሲ? ወንዴውን ከሴቴዋ አይለይም።

ስለ ፍሬዋ ጠይቀኸኛል። ሴቴዋ የት እንደቆመች አውቃለሁ፤ ስንት እንደሆኑም አውቃለሁ። አልነግርህም። በአንድ እጅህ እየከለከልከኝ በሌላው ትለምነኛለህ? አንተን አይቀፍህም? እኔን ይቀፈኛል።

ታቢታ


ላኤ
ጁን 11፣ 1978

እትዬ ታቢታ፣

ሁለት ወር አለፈኝ ሳልጽፍልሽ። ፈርቼ ነው።

መጀመሪያ ስትጠይቂኝ ጽሑፉን ለሃላፊዬ አስረክቤ ነበር፤ ግን ገና አልጸደቀም። ስሙን ልታስወጪው ትችይ ነበር ማለት ነው፤ ያንን እንዳታውቂ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ጸድቋል። ዶሪን እዚሁ የእኛ ቢሮ ጸሐፊ ስለሆነች የማባዣውን ሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉን፣ በታይፕ የምትመታው እሷ ናት። እኔ ነገ ለሦስት ሳምንት ቡሎሎ ተራራ እወጣለሁ። እንደጨረሰች እኔን ሳይጠብቁ በማባዣው አውጥተው በፖስታ እንዲልኩት ነግሬያቸዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፦ ሌላ ደብዳቤ ጽፈሽ ልቤን እንዳታላውሺው ብዬ ነው።

የሙያችን ሕግ እንዲህ ነው። የዛፍ ስም አንዴ ከነገለጻው ታትሞ ከወጣ ማንም አይመልሰውም። ያወጣው ሰው ራሱ ቢጸጸት እንኳ አይለወጥም።

ቤቱ ሥር፣ በዝናብ ስትበዪ አይቼሻለሁ። ልጅ ነበርኩና ዝም አልኩ። አሁን ልጅ አይደለሁም፤ ይኸው አሁንም ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ ማለት አልችልም፣ ምክንያቱም ነገ እሄዳለሁ፣ ጽሑፉም ይወጣል።

ጊዲሳ


ላኤ
ጁላይ 9፣ 1978

እትዬ ታቢታ፣

ከዚህ ጋር የታተመውን ጽሑፍ አንድ ቅጂ ልኬልሻለሁ። ሳትፈሪ ግለጪው። ምላጭ አያስፈልግሽም።

ከቡሎሎ ስመለስ ሥራው ሁሉ አልቆ፣ መቶ ሰማንያ ቅጂ ወደ ሆላንድ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ሲንጋፖር ሄዶ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ከተረፉት አንዱን አነሳሁ። የዛፉ ስም መጻፍ ባለበት ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት አየሁ። ቀለም ያልያዘው መስሎኝ ሌላ ቅጂ አነሳሁ፤ እሱም ነጭ። ቆጠርኩት፣ ዘጠኝ ቦታ ባዶ ነው። «ዛፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ላሳዩን ለአቶ» ይላል፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ «ክብር ሲባል» ይላል። የእኔ ስም እንኳ «ጊዲሳ» ብሎ የአባቴ ስም ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ዶሪን ናት። እሷም ለአባቴ ምራቱ መሆኗን አንቺ ታስታውሺ ነበር፤ እኔ ረሳሁ። ስድስት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን ረሳሁ። ቦታውን በልኩ እየዘለለች፣ እኔ በብረት ብዕሩ ስቴንስሉ ላይ እንድሞላው ትታልኝ ነበር።

«ምነው አትነግሪኝም ነበር?» ብዬ ጮኽኩባት።

«ሦስት ጊዜ ነገርኩህ። ቦታው ያንተ ነው፣ ሙላው አልኩህ። አንተ ታቢታ ሳትጽፍ ቶሎ ጨርሽው አልከኝ» አለች።

«ታዲያ አንድ ቀን ብትጽፊው ምን ነበረበት?»

«አፌ የማይለውን ጣቴ እንዲለው ፈልገህ ነው?» አለችና ማጀት ገባች።

ስም የሌለው ገለጻ በሕጉ ፊት እንዳልተጻፈ ነው። ዛፉ ገና አልተሰየመም ማለት ነው። ሃላፊዬ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከሆላንድ አንድ ፕሮፌሰር ካርድ ልኮልኛል፦ «እንኳን ደስ ያለህ። ለመሆኑ ማን ተባለ?» የቢሮው ሰው ሁሉ አነበባት።

ማታውኑ ያንን ወረቀት ደጋግሜ አየሁት። ባዶ ባይሆን ኖሮ ላኤ ቁጭ ብዬ፣ ከስንት ልጅ አፍ ነጥቄ፣ በውሸት ላይ ስሜን ፈርሜ ነበር። ተጸየፍኩ። ዛፉን አይደለም፣ ራሴን።

ለሴፕቴምበር እንደገና ጻፈው ተብያለሁ። ካሳ እንዲሆንሽ በአንቺ ስም ልሰይመው? ለአባቴ የገባሁትን ቃል ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም። አንቺ ንገሪኝ። ስለ ፍሬዋ አልጠይቅሽም።

ጊዲሳ


ኩዋሞ
ጁላይ 30፣ 1978

ለባሌ ታናሽ ወንድም ለጊዲሳ፣

እንደምን አለህ? ዶሪንን በሁለት እጅህ ጨብጥልኝ። የላክሁላት የተጨሰ ዓሣ የእሷ ነው፤ አንተ ጭራውን ብቻ ብላ።

ወረቀትህ በደረሰ በማግስቱ ሰባታችንም ምራቶች ቤቱ ሥር፣ ጥላው ላይ ተሰበሰብን። አዎ፣ እዚያው ቤት ሥር። እየተረጎምኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከአንተ ዘንድ ከመጣ ወረቀት ሁሉ ሳልደነቃቀፍ፣ አፌን ሳልሸፍን እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ይህ የመጀመሪያው ነው። ባዶው ቦታ ላይ ስደርስ አቆምኩ። «የሞተ አይጥ» አለች አንዷ። ቀጣዩ ባዶ ላይ «የካፒቴኑ ካልሲ» አለች ሌላዋ። «የናዋሲ ወገብ» ሲባል ናዋሲ ከላይ ወለሉን ረገጠ። ዘጠኙንም ሞላንልህ። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አልጽፍልህም፣ ክርስቲያን ነኝ።

ከዚያ መጨረሻው አካባቢ አንዲት አጭር መስመር አገኘሁ፦ «ሴቴዋም ፍሬዋም አልታዩም።» ሳቁ ቆመ። «ማን ነው ያላየው?» አለች የታናሽህ ሚስት። አራተኛ ልጇን ታቅፋ ነበር፤ በዚያ ፍሬ ነው ያሳደገቻቸው። እኔም ወረቀቱን አጠፍኩና ከእነሱ ጋር ተማከርኩ። አሁን የምጽፍልህ የሰባታችንን ነው።

ሴቴዋ ከወንዙ በላይ፣ ድንጋዮቹ መሃል እርጥቡ ላይ ነው የምትበቅለው። ወንዴው አሥር ሆኖ እሷ ሁለት ብትሆን ነው። የእሷም አበባ ይገማል፣ ግን ለአንድ ምሽት ብቻ፤ ዝንቡን አሳስታ ትጠራዋለች፣ ከዚያ ታቆማለች። ፍሬዋ የዳክዬ ዕንቁላል ታክላለች፣ ልብሷ ቡናማ ከፋይ ነው። ውስጧ ቢጫ ነው፣ የበሰበሰ ሙዝ ላይ ነጭ ጋዝ እንደ ደፉበት ይሸታል። ሦስት ዘር አላት፤ አንዳንዴ ሁለት። ዘሩን ጥሬውን የበላ ይሞታል። አራት ቀን ወራጅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ይቀቀላል።

እኛ ደግሞ ከዛፉ ላይ አይደለም የምንለቅመው። ዛፉ ሥር የወደቀው ይሻግታል፤ አይበቅልም፣ አይበላም። ካሶዋሪዋ፣ ያቺ መብረር የማትችል ጉደኛ ወፍ፣ ሙሉውን ትውጠዋለች፤ በሌላው በኩል ዘሩ ታጥቦ ይወጣል። ከኩሷ ውስጥ በጣታችን ነው የምንለቅመው። ግማሹን እንወስዳለን፣ ግማሹን እንዲበቅል እዚያው እንተወዋለን። አባትህ ሁለቴ ያስደግም የነበረው እሱን ነው። አሁን አቅለሸለሸህ? ጥሩ፤ እስኪ አንተም ቅመሳት።

ሦስት ፍሬ በአልኮል አድርጌ ልኬልሃለሁ። ክዳኑን በሰም አሽጌዋለሁ፣ ካፒቴኑ ማር መስሎታል።

«ዛፉን ያሳየን» ያልክበትን ሰርዘህ «ያሳዩን የኩዋሞ ሴቶች ናቸው» ብለህ ጻፍ። ስም አትጥራ።

በእኔ ስም ልሰይመው ላልከው፣ አይሆንም። ልጄ በመጪው ዓመት ሚስት ያመጣል። ያቺ ልጅ ምን በደለችኝ? እሷም በተራዋ የእኔን ስም ፈርታ ዛፉን በሩቁ ትዙር? የማንንም ሰው ስም አታድርግበት። የዛፍ ስም የምታወጡበት ላቲን ግማትን የሚጠራበት ቃል አያጣም፤ እሱን አድርግለት። ይግማ እንጂ ምራት ሁሉ አፏን ሞልታ ትጠራዋለች። አባትህ ያንን ስም ለእኔ ነበር ያወጣው፤ ከእኔ ወስደህ ለባለቤቱ ስጥልኝ። ለቃልህ ከተጨነቅህ፣ ስም አውጪው እሱ ነው፤ አንተ ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። የራሱን ስም ከአንተ ስም ኋላ አስከትለው፣ በእጅህ ሙላው። እዚያ ከሆነ አንሻገረውም፣ አንለቅመውም፣ አንበላውም።

ወንዶቹ የቋጠሩትን የኮኮናት ቅጠል ዛሬ ጠዋት ፈትተናል። «ወረቀቱስ?» ሲሉን ባዶውን አሳየናቸው።

የዛፉን ስም መርጠህ ስትጨርስ ዶሪን ትምታልህ። እጇ የቆመበት ስም ልክ አይደለም።

ታቢታ